መካከሉን ማን ያስተምር

ባለፈው ዓመት ሰመራ ላይ ስብሰባ ተጠራሁ። እኔ ሎግያ የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ አሮጊት አስተማሪ ነኝ። የመወያያው ርዕስ በትምህርት ቤት ስለ ጾታና ስለ ተዋልዶ የሚያስተምር ሰው የግድ ሰርተፊኬት ይኑረው ወይስ አይኑረው የሚል ነበር። ክራባት ያሰረ ጎልማሳ ተነሣና «ያልሠለጠነ ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ አፉን መክፈት የለበትም» አለ። አዳራሹ አጨበጨበለት። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ደሜ ፈላ። እጄን አወጣሁ፣ አላዩኝም። ደግሜ አወጣሁ፣ «ሰዓት አልቋል፣ እናታችን» አሉኝ። ይሁን! እዚህ ወረቀት ላይ ማይክራፎን የሚነጥቀኝ የለም።

በደርግ ጊዜ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። ቦታው በጭነት መኪና ሲታለፍ የሚታይ ጥቁር ድንጋይ ነበር። እኔ ያኔ አዋሽ ሰባት ነበርኩ፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከደጋ ተመድቤ የመጣሁ የባልትና አስተማሪ። ባልትና ይባል እንጂ በዚያ ትምህርት ቤት ያለን መርፌ፣ ክር፣ አቡጀዲና አንድ በእግር የሚነዳ የስፌት መኪና ብቻ ነበር። ከአራት ሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ጣሪያ እየተንጣጣ ስለሚያስቸግረን ስፌቱን ከዛፍ ሥር እናደርገው ነበር። ልጆቹ የባቡር ሠራተኛ ልጆች፣ የወሎ ነጋዴ ልጆች፣ ከአዋሽ አርባ የሚመላለሱ፣ ጥቂት የአፋር ልጆችም ነበሩ።

ሥራዬን በጀመርኩ በሦስተኛው ወር አንድ ነገር አስተዋልኩ። ትልልቆቹ ሴቶች በየወሩ ሦስት አራት ቀን ይጠፋሉ። አንዷ ደሙ ቀሚሷን ነክቶባት ወንዶቹ ስለሳቁባት ጭራሽ ቀረች። ቤቷ ድረስ ሄጄ ብለምናት «አፈር ስሆን አልመለስም» አለችኝ። አንጀቴ አረረ። በማግስቱ አቡጀዲውን ዘረጋሁና «ዛሬ የምንሰፋው የትራስ ልብስ አይደለም» አልኳቸው። የወር አበባ ጨርቅ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ስንት ድርብ እንደሚሆን፣ እንዴት ታጥቦ ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ አሳየኋቸው። ማን ፈቀደልሽ የሚለኝ አልነበረም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም።

ከዚያ መሐረቡ መጣ። ልጆቹ መሐረብ መጥለፍ ይወዱ ስለነበር፣ አሥራ ሦስት ቤት ያለው መሐረብ አስጠለፍኳቸው፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ቤት። ደሙ በመጣ ቀን በወሩ ቤት ውስጥ አንድ ቀይ ስፌት ያደርጋሉ። ማንም ሰው ቢያየው ጥልፍ ነው፤ ለልጅቷ ግን የቀን መቁጠሪያዋ ነው። «አንዱ ቤት ባዶ ከቀረ እኔ ጋ ኑ» አልኳቸው። እንዴት ያለች ብልህ ነኝ ብዬ ሳምንት ሙሉ በራሴ ስደሰት ሰነበትኩ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ጥልፉ እንዲያምር ብዬ አሥራ ሦስቱንም ቤቶች እኩል አደረግኳቸው። ጳጉሜም እንደ ጥር፣ እንደ የካቲት አንድ ሙሉ ቤት አገኘች። አምስት ቀን ያላት ወር መሆኗ ለአንዲት ደቂቃ አእምሮዬ ውስጥ አልመጣም። ሌላም አለ፤ እሱ ይብሳል። ስለ ደሙ ነገርኳቸው፤ ፅንስ ካለ ደም እንደሚቀር፣ ፅንሱም ማኅፀን ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ ነገርኳቸው። በደሙና በፅንሱ መካከል ምን እንደሚደረግ ግን አልነገርኳቸውም። አፌ ላይ ይደርሳል፣ ጆሮዬ ይግላል፣ ወደ መርፌዬ እመለሳለሁ። ያላገባሁ ሴት ነኝ፤ እናቴ ቤት ይህ ነገር ስም እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ መካከሉን ዘለልኩት።

ግንቦት ላይ ከአውራጃ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ኢንስፔክተር መጣ። ከዛፉ ሥር ገመድ ላይ የተሰጣውን ጨርቅ አየና ምን እንደሆነ ጠየቀ። ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህንን የሚያስተምሩት በየትኛው ሰርተፊኬት ነው?»

«በሴትነቴ ነው» አልኩ።

«ሴትነት የምስክር ወረቀት አይደለም፣ ጓዲት።»

«ወንድነትስ ነው?»

ዳይሬክተሩ ከኋላው ሆኖ በዓይኑ ይማጸነኛል፣ ዝም በይ ነው። ዝም አላልኩም፤ ያቺ መልስ ምን እንዳስከተለች ባውቅ ኖሮም ዝም የምል አይመስለኝም። ኢንስፔክተሩ መዝገብ አገላበጠና በዚህ ጉዳይ ኮርስ ወስዶ ሰርተፊኬት ያገኘ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ተናገረ፤ የሳይንስ አስተማሪው። የሁለት ሳምንት ኮርስ ነው። ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ አስተማሪዎች ክፍል ሰቅሎት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ ለሱ ተሰጠ፤ እኔ ከስፌት ውጭ አንድ ቃል እንዳልናገር ተጻፈልኝ። በወላጆች ስብሰባም ዳይሬክተሩ ተነሥቶ «ስለዚህ ጉዳይ የባልትና አስተማሪዋ የምትለውን አትስሙ፤ ሰርተፊኬት ያለው ሌላ ነው» ብሎ አወጀ። ተቀምጬ ሰማሁት።

የሳይንስ አስተማሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይናፋር ነበር፤ ሸሚዙ በላብ ይረጥባል፤ ሲያስተምር ፊቱን ወደ ሰሌዳው፣ ጀርባውን ወደ ሴቶቹ ነው። አበባ ሣለላቸው። ወንዴውን በሰማያዊ ጠመኔ፣ ሴቴውን በቀይ። ብናኙ በንፋስ ወይም በንብ ተወስዶ ሴቴው ላይ ሲያርፍ ፍሬ ይሆናል አለ። በመስኮት ሆኜ ሰማሁት። አዋሽ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው አጥር ሐምራዊ አበባ በቀር አበባ በሌለበት አገር! ሴቶቹ አበባውን በደብተራቸው አሳምረው ገለበጡ፤ አንድም ጥያቄ የጠየቀ የለም። እሱም መካከሉን ዘለለው፤ ልዩነታችን እሱ የዘለለው በሰርተፊኬት መሆኑ ነው።

ሰኔ ላይ ትምህርት ተዘጋ። መስከረም አምስት ቀን ምዝገባ ላይ ተቀምጬ አንዲት ልጅ ቀረችብኝ። ትምህርት ዘግይታ የጀመረች፣ ከክፍሏ ትልቅ፣ ከሰባተኛ አንደኛ ወጥታ ያለፈች ልጅ ናት። ነርስ እሆናለሁ ትለኝ ነበር፤ እሷ ካለችው ደግሞ ትሆናለች። እናቷ የወሎ ሴት ናት፤ ባሏ ሞቶባት፣ አሰብ መንገድ ላይ ለሾፌሮች ሻይና ምግብ የምታቀርብ ቤት አላት። መዝገቡን ለሌላ ሰው ትቼ ወደዚያ ሄድኩ።

እናትየው ስታየኝ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ልጄን ብለሽ ከሆነ የመጣሽው፣ ቲቸር፣ አትመዘገብም። ነገ ጠዋት ወደ ዱብቲ ትሄዳለች። ልትዳር ነው።»

«እንዴ! ምን ተገኘና ነው፣ እትዬ?»

ወደ ጓዳ ጎተተችኝና በሹክሹክታ «አርግዛለች» አለችኝ። «አኡዙ ቢላህ! ሆዷ ሳይታይ ዘመድ ጋ ላደርሳት ነው። ሚስቱ የሞተችበት ባለሱቅ አለ፤ ይወስዳታል።»

«ማነው ያለው? ሐኪም አያት?»

«ራሷ ነገረችኝ። ሐኪም ምን ያደርግልኛል፣ ከተማው እንዲሰማ?»

ልጅቷን አስጠራኋት። ዓይኗ አብጧል። እናቷ ወደ ደንበኛ ስትወጣ፣ ልጅቷ ከደረቷ መሐረቡን አወጣችና ጉልበቴ ላይ ዘረጋችው። ከየካቲት እስከ ነሐሴ በየቤቱ አንድ ቀይ ስፌት አለ። የመጨረሻውን ነሐሴ አሥራ ስድስት እንደሰፋችው ነገረችኝ። የጳጉሜ ቤት ባዶ ነው።

«ባዶ ከቀረ ነይ ብለውኝ ነበር፣ ቲቸር። ግን እርስዎ እንዳይናገሩ ተከልክለዋል ተባለ። ባስቸግርዎት ከሥራ ያስወጡዎታል ብዬ ፈራሁ።»

ሞቼ ነው ቆሜ አላውቅም። «የኔ ልጅ፣ ወንድ ጋ ምን ሆነሻል? ንገሪኝ» አልኳት።

«የኪነት ልምምድ ላይ አንዱ ልጅ ጉንጬን ሳመኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሮጥኩ።»

«ሌላ ነገርስ? ምንም?»

«ምንም። ቲቸር፣ አበባው እንኳን በንፋስ ይሆናል ብለውናል እኮ።»

እዚያው ጓዳ ውስጥ አቅፌያት አለቀስኩ። ንዴት ነው እንጂ ኀዘን አልነበረም። ይቺ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ፣ እኔ የሰጠኋትን ግማሽና እሱ የሰጣትን ግማሽ አስተካክላ ገጥማ፣ ከሁለታችን ትምህርት ሊወጣ የሚችለውን መልስ በትክክል አወጣች። ስህተቱ የሷ አልነበረም። መሐረቡን ይዤ ወደ እናትየው ወጣሁና ሁሉንም ነገርኳት፤ ጳጉሜ አምስት ቀን እንደሆነች፣ ደሟ በመስከረም አሥር ግድም እንደሚመጣ፣ ጉንጭ ተስሞ እንደማይረገዝ።

«አምስት ቀን ይታገሡኝ፣ እትዬ። በሞቴ! አምስት ቀን ብቻ። ካልመጣ እኔው ራሴ መኪና ላይ አሳፍራታለሁ።»

መሐረቡን ተቀብላ ቤቶቹን በጣቷ ቆጠረች። ልትሰማኝ ነበር፤ እስካሁን እምላለሁ፣ ልትሰማኝ ነበር። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ቲቸር፣ አትቀየሚኝ። አንቺን እንዳንሰማ በስብሰባ ተነግሮናል። ሰርተፊኬት ያለውን ትላንት ጠየቅኩት፤ ወሯ ያለፈ ሴት እርግዝና ይጠረጠራል ብሎኛል። ወላሂ፣ እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ። ወረቀት ያለውን ባልሰማ ማንን ልስማ?»

ከዚያ ቤት ወጥቼ የሳይንስ አስተማሪው ጋ እየሮጥኩ ሄድኩ። ልብስ እያጠበ ነበር። የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኩትና «ና፣ አሁን ከኔ ጋር ሄደህ ለእናትየው ንገራት። አንተን ትሰማለች» አልኩት።

እጁን በፎጣ ጠረገ። ደብተሩን አምጥቶ አገላበጠ። ምን እንደሚፈልግ ሳልረዳ ቆሜ ጠበቅኩት።

«ስለ ቀን አቆጣጠር በኮርሱ አልተሰጠንም» አለ።

«ጳጉሜ አምስት ቀን መሆኗን ለማወቅ ኮርስ ያስፈልግሃል?»

«እሱን አውቃለሁ። ግን ደሙ ሳይመጣ ቢቀርስ? ተጠያቂው እኔ ነኝ። የኔ ስም ነው ወረቀቱ ላይ ያለው። አንቺ ምንም የለብሽም።»

ያለውን ሁሉ ሊረሳው ይችላል፤ እኔ ግን ይህን አልረሳም። ወረቀቱ ለልጅቷ ሊደርስላት አልነበረም፤ ለሱ መሸሸጊያ ነበር። የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ከደጋ ይዤው የመጣሁት ነው። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እናትየውን እንደገና ለመንኩ። ወደ ዱብቲ የሚሄደው የጭነት መኪና ተነሣ። ልጅቷ ከጋቢናው መስኮት በኩል አየችኝ፤ እጇን አላወዛወዘችም፣ እኔም አላወዛወዝኩም።

ያ ክራባት ያሰረ ጎልማሳ ይህን ቢሰማ «እንግዲህ ያው ነው፣ አንቺም አጥፍተሻል፣ ባትሠለጥኚ ነው» ይለኛል። አዎን፣ አጥፍቻለሁ! ሥልጠና አያስፈልግም ያልኩት መቼ ነው? አሠልጥኑ፤ እኔን ያኔ ያሠለጠነኝ ሰው ቢኖር እግሩን በሳምኩ። ግን ወረቀቱን ከመስጠታችሁ በፊት ሰውዬውን ሠላሳ ሴት ልጆች ፊት አቁሙት፤ ጀርባውን ሳይሆን ፊቱን ወደነሱ አድርጎ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በሚችለው ቋንቋ ይናገር። ልጅ ስትጠይቀው የማይሸሽ ከሆነ ያኔ ማህተማችሁን ምቱለት። ሌላው ደግሞ፣ የሚያውቀውን ሰው አፍ ስትለጉሙ፣ ጥያቄ የያዘች ልጅ የት ትሂድ ብላችሁ አስቡ። እኔ የምለው ይሄን ብቻ ነው፤ ይህንን ለማለት ማይክራፎን ከለከሉኝ።

መስከረም ሳያልቅ ግምገማ ተጠራ። አስተማሪዎች፣ የቀበሌ ሰዎች፣ የሴቶች ማኅበር፣ ሁሉም ትልቁ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ክሱ ያለ ሰርተፊኬት አስተምራ ልጅ አበላሽታለች የሚል ነው። በዚያ ዘመን ግለሂስ የሚሉት ነገር ነበር፤ ተነሥተህ ሰው ፊት ራስህን ትወቅሳለህ፤ የምትወቅስበትንም ቀድመው ይነግሩሃል። የኔን ዳይሬክተሩ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል፤ በማይመለከተኝ ጉዳይ ገብቼ መመሪያ ጥሻለሁ፣ ከእንግዲህ አልደግምም የሚል። እንዳነብበውና በማስጠንቀቂያ እንዲያልፍ ተነጋግረውበታል። ሰውዬው ለኔው አስቦ ነው፣ አልዋሽም።

መጀመሪያ ግን ምስክር አሉና የልጅቷን እናት አስነሡ። ከዱብቲ ከተመለሰች ሳምንቷ ነው። ሰብሳቢው «ይቺ አስተማሪ በልጅሽ ላይ ያደረሰችውን በደል ለጉባኤው አስረጂ» አላት።

ነጠላዋን አስተካከለች። «ልጄ ምንም አልሆነችም ነበር» አለች። «ኒካህ በታሰረ በማግስቱ ጠዋት ደሟ መጣ። ዱብቲ አብሬያት ነበርኩ፤ እኔው ነኝ ያጠብኩላት። እማ፣ እንመለስ አለችኝ። በምን አንደበቴ? ቃል ሰጥቻለሁ፤ ሰው በልቷል፣ ጠጥቷል። ትቻት መጣሁ። ይቺ ሴት አምስት ቀን ታገሺኝ ብላ በሬ ላይ ለምናኛለች። አትስሙ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

ሰብሳቢው የሷን ንግግር እንዳልሰማ ሰው «ጓዲት፣ ወደ ግለሂስሽ» አለኝ።

ተነሣሁ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ፈርቼ ነበር፤ ደፋር ነበርኩ ብዬ አልዋሽም። የምናገረው ምን እንደሚያስከፍለኝ አውቄዋለሁ፤ ደግሞም አስከፈለኝ። ደመወዝ ተቀጣሁ፣ ከባልትና ተነሣሁ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ዛፍ እንኳ ወደሌለበት ትምህርት ቤት ተዛወርኩ።

«ጥፋተኛ ነኝ» አልኩ። «ጥፋቴ ግን ያለ ወረቀት ማስተማሬ አይደለም። ጥፋቴ ግማሹን ማስተማሬ ነው። ጳጉሜን ከሌላው ወር እኩል አድርጌ ለልጆቹ ሰጠሁ፤ ያ አንድ ጥፋት ነው። ዋናው ግን ስለ ደሙ ነግሬ፣ ስለ ፅንሱ ነግሬ፣ መካከሉን አፍሬ ዘለልኩ። እሱም ዘለለው። እናንተም ሁላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ከልጆቻችሁ ጋር ዘልላችሁታል። ልጅቷን መኪና ላይ ያሳፈራት ያ ነው። ስለዚህ ጥፋቴን አሁን፣ እዚሁ፣ እናንተ ፊት አርማለሁ። ጉንጭ ተስሞ አይረገዝም። እጅ ተይዞ አይረገዝም። በንፋስ አይረገዝም። የሚረገዘው ወንድና ሴት...»

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ። «በቃ! ተቀመጪ! ይሄ የጉባኤውን ክብር መድፈር ነው!»

ዳይሬክተሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የሳይንስ አስተማሪው እግሩን ያያል። እኔም ወንበሬን ሳብኩ፤ እውነቱን ለመናገር ተቀመጥኩ።

እናትየው አልተቀመጠችም ነበር። ከምስክርነቱ ጀምሮ እዚያው ቆማ ነበር። ልጆች የወለደች፣ ይህንን ነገር ከኔ አብልጣ የምታውቅ ሴት፣ ግን በዕድሜዋ ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በአፏ አውጥታው የማታውቅ ሴት ናት። እንባዋ እየወረደ በጣቷ ወደኔ አመለከተች።

«ትጨርስ!» አለች። «ቤት የቀሩ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። እንዴት እንደሚባል አላውቅበትም። ተነሺ፣ ጨርሺው፣ እኔም ልማረው።»

ቆምኩና ጨረስኩት።